ያሸተትኩት የለስላሳ ጠርሙስ

በፈረንጆቹ 2014 ሌክውድ ውስጥ የዘጠና አምስት ዓመት ፈረንጅ ባልቴት ቤት ኬርጊቨር፣ ማለትም አረጋዊ ተንከባካቢ፣ ሆኜ እሠራ ነበር። ሳሎናቸው ግድግዳ ላይ የእናታቸው ፎቶ ተሰቅሏል፤ ከሥሩ አንድ ባዶ የለስላሳ ጠርሙስ ቆሟል። አንድ ቀን አቧራውን ልጠርግ አነሳሁትና፣ ሳላስበው አሸተትኩት።

ባልቴቷ አዩኝ። «እናቴ ያሳደገችኝ በዚህ ነው» አሉ። «ልጅ ሳለሁ፣ እዚህ አገር መጠጥ በሕግ በተከለከለ ጊዜ፣ በለስላሳ ጠርሙስ ውስኪ እየሞላች ትሸጥ ነበር። ያንቺስ እናት ምን ትሠራ ነበር?»

«አስተማሪ ነበረች» አልኩ ፈጠን ብዬ። ለባሌም ለልጆቼም ያልኩት ይህንኑ ነው። እናቴ ግን አረቄ ሻጭ ነበረች። የለስላሳ ጠርሙስ ከየቤቱ ለቅሜ፣ ላምባ ነክቶት እንደሆነ እያሸተትኩ የማቀብላት እኔው ነበርኩ። ዩኒፎርሜም ደብተሬም ከዚያው ነው የወጣው። እኔ ልጅ ተብዬዋ ታዲያ ሃያ ዓመት እዚሁ ሌክውድ አቅራቢያ አውሮራ ከተማ ስኖር ይህን ለማንም ትንፍሽ ብዬ አላውቅም።

ባልቴቷ ጠርሙሱን ከእጄ ተቀበሉኝ።

«እኔንም እናቴ ከመሙላቷ በፊት ‹አሽትቺው› ትለኝ ነበር፤ ላምባ እንዳይኖርበት» አሉኝ። «የእሷን ፎቶ ይኸው ሰቅያለሁ። የአስተማሪዋስ ፎቶ ቤትሽ ውስጥ የት ነው የተሰቀለው?»