ለአንድ ሳምንት የተሰጠ አደራ

ከሲቀላ ወደ ሴቻ በሚወጣው ሚኒባስ ውስጥ ሽማግሌው የምንጭ ውሃ የሞላ ጄሪካን እንደ ሕፃን አቅፈዋል። ኮታቸው ተተኩሷል፤ የጥፍራቸው ጭቃ ግን አልለቀቀም።

«አባባ፣ ሰፈራችሁ ቧንቧ የለም እንዴ?» አለቻቸው አጠገባቸው የተቀመጠችው አስተማሪ፣ ሻሺቱ።

«የቧንቧው ክሎሪን አለው፤ ለልጄ አኳሪየም አይሆንም። ዓሣዎቹ አልቀው የውሃ ተክሏ ብቻ ቀረች። ከልጄ የተቀበልኩት የአያያዝ ወረቀት ድንጋይ ላይ እሰራት ይላል። እኔ የሙዝ ገበሬ፣ ሥር ተራቁቶ አይቼ መች ያስችለኛል! አሸዋ ውስጥ ቀበርኳት፤ ጠቆረች። ሌላም የሳትኩት ካለ እስቲ አንብቢልኝ።»

ወረቀቱ እጥፋቱ ላይ ተቀዶ በፕላስተር ተያይዟል። ሻሺቱ ጮክ ብላ ስታነብ ቆይታ የመጨረሻው መስመር ላይ ደረሰች።

«አባዬ፣ ለአንድ ሳምንት ብቻ ነው፤ እሁድ እመለሳለሁ።»

የተጻፈው ካቻምና፣ በጥቅምት ነው።