ስሙን ያልጠራሁበት ለቅሶ

ነገሩ የሆነው ጣሊያን በገባ በሦስተኛው ዓመት፣ በጥቅምት ነው። ከነፍስ አባቴ በቀር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። አሁንም ባልጽፈው እወድ ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ ግን ካራቆሬ የሚያስተምረው የመጨረሻው ልጄ ሊጠይቀኝ መጣ። ቴፕ ይዞ ነበር። ቆሎ እየቆረጠምን ስንጫወት አንድ ካሴት ከተተበት። መጀመሪያ ፒያኖ ተሰማ፤ ቀጥሎ የሴት ድምፅ መጣ። የዘገንኩት ቆሎ እጄ ውስጥ ቀረ።

"ምነው እማዬ፣ ጮኸብሽ እንዴ? ልቀንሰው?" አለኝ።

"ማናት?" አልኩት።

"አሜሪካዊት ናት። ጃዝ ይሉታል። ዘፈኑ እንኳ የቆየ ነው፤ ያልዘፈነው የለም።"

ሴትየዋ እኔ የማውቃት ትሁን ሌላ፣ መለየት አልቻልኩም። ዘፈኑ ግን ያው ነበር። አጥፋው አልኩት። ዘፈን ስለማልወድ መስሎት አጠፋው። እኔም እንደመሰለው ይሁን ብዬ ዝም አልኩ። ለልጅ እንዲህ ማድረግ ደግ አይደለም። ስለዚህ ቀለምና ወረቀት አምጣልኝ አልኩት።

ያኔ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። እናትና አባቴን ወባ በአንድ ክረምት ስለወሰደብኝ ያሳደገችኝ አክስቴ በለጡ ናት። ቤታችን ከሸዋ ሮቢት ትንሽ ወጣ ብሎ፣ ከሮቢ ወንዝ አጠገብ ነበር። አክስቴ በቀወት ወረዳ ሁሉ የታወቀች ሙሾ አውራጅ ነበረች። ሰው ሲሞት ለቄሱ ከተላከ በኋላ የሚላከው ለእሷ ነው። እሷ ታወርዳለች፣ ሴቶቹ ይቀበላሉ፣ እኔ ከኋላዋ ሆኜ እከተላለሁ። ድምፄ ያምራል ይሉ ነበር። ይህ መባሉ እንደጎዳኝ ያወቅሁት በኋላ ነው።

ከጣርማ በር ቁልቁል መንገድ ይሠራ ነበርና ወንዙ ዳር የጣሊያኖቹ ካምፕ ተተከለ። እኔና ዘርፌ የምትባል የጎረቤት ልጅ የሠራተኞቹን ልብስ እናጥብ ነበር። የጠላት ልብስ ማጠብ ያሳፍራል። ለሆዳችን ነው ያደረግነው፤ ብዙ ሰው እንደኛው አድርጓል። ዛሬ የማወራው ኀፍረት ግን ያ አይደለም።

ካምፑ ውስጥ ጂኖ የሚባል መካኒክ ነበር። ቁመቱ አጭር፣ እጁ ሁልጊዜ በዘይት የጠቆረ ሰው። እኩለ ቀን ላይ የቆላው ሙቀት ሲበረታ፣ ብረቱ እጅ ስለሚያቃጥል ሥራ ይቆማል። ያን ጊዜ ጂኖ መኪና የሚጠግንበት ዳስ ሥር ግራማፎኑን ያወጣና ይዘውራል። እኛ ልብስ የምናሰጣበት ቁጥቋጦ ከዳሱ ብዙም አይርቅም። የናፍጣው ሽታ፣ የሳሙናው ሽታ፣ ከላይ ደግሞ ያ ድምፅ።

"ይቺ ሴትዮ ሳጥኑ ውስጥ ሆና ምን ትበላ ይሆን?" ትላለች ዘርፌ።

"ፓስታ ነዋ።"

"ምስኪን! ለዚህ ነው እንዲህ የምታለቅሰው።"

እንስቅ ነበር። እኔ ግን ከዘርፌ በላይ እሰማ ነበር።

ጂኖ ያንኑ አንድ ዘፈን በሁለት ሸክላ ነበር የያዘው። በአንደኛው ወንድ ይዘፍነዋል፤ እንደ ወታደር ቀጥ ብሎ፣ ከምቱ ጋር እግር በእግር እየረገጠ ይሄዳል። በሁለተኛው ሴትየዋ ትዘፍነዋለች። ምቱ ቀድሟት ያልፋል። እሷ ነጠላዋን ለማስተካከል ደጃፍ ላይ እንደቆመች ሴት ወደኋላ ትቀራለች። አሁንስ ጠፋት ስትሉ፣ ሳትሮጥ፣ ትንፋሿም ሳይቆራረጥ ከሌሎቹ ጋር እኩል ትደርሳለች። ድምፅዋን አታነሳውም። አጠገቧ ለተቀመጠ ለአንድ ሰው የምትናገር ነው የሚመስለው። የመጨረሻውን ቃል ደግሞ ጨርሳ አትለውም፤ አንጠልጥላ ትተወዋለች፣ ሰሚው ይጨርሰዋል። ቋንቋዋን አላውቅም። ነገር ግን አንድ ነገር እንደጠፋባትና እንደማታገኘው ገብቶኝ ነበር።

ከሐማሴን የመጡ ጋሼ ተስፉ የሚባሉ የጭነት መኪና ሾፌር ነበሩ። ጣሊያንኛ ይችላሉ። አንድ ቀን ጂኖ የሚለውን ተረጎሙልን።

"ይህን ዘፈን ሁሉም ይዘፍነዋል ይላል። የራሷ ያደረገችው ግን እሷ ብቻ ናት ይላል።" ከዚያ ድምፃቸውን ቀነሱ። "እንደኛው ጥቁር ናት። አለቆቹ እንዳይሰሙ፤ ይህን ሸክላ ቢያዩበት ይሰብሩበታል። እናንተም አልሰማችሁም።"

ጥቁር መሆኗን ስሰማ ደነገጥኩ፤ ደስም አለኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ልብስ በድንጋይ ላይ ሳጥብ እንደሷ መዘግየት፣ እንደሷ ማንጠልጠል ተለማመድኩ። የምለማመደው በሙሾ ዜማ ነበር፤ ሌላ ዜማ አላውቅማ። ወንዙ ይጮህ ስለነበር የሰማኝ የለም ብዬ ነበር።

በዚያው በጥቅምት የእትዬ ወርቄ ልጅ ሽፈራው መሞቱ ተሰማ። እትዬ ወርቄ ከወንዙ ማዶ የሚኖሩ ባል የሞተባቸው ሴት ነበሩ፤ ሽፈራው አንድ ልጃቸው ነበር። ከሰኔ ጀምሮ ከአርበኞቹ ጋር ደጋ ወጥቶ ነበር። ከጣርማ በር በታች ገደሉ ላይ ወደቀ፤ ሬሳውን የሚያመጣ አልተገኘም። እንዲህ ሲሆን ልብሱ ወጥቶ በልብሱ ላይ ይለቀሳል። መቃብር ለሌለው ሰው ያ ለቅሶ መቃብሩ ነው። እትዬ ወርቄ ለልጃቸው ሊያደርጉለት የቀራቸው ነገር ያ ብቻ ነበር።

የለቅሶው ቀን አክስቴን ወባ ጣላት። እያንቀጠቀጣት ጠራችኝ።

"አንቺ ታወርጃለሽ" አለችኝ። "ሌላ ሰው የለም። ስንኙን ልስጥሽ፣ ያዢው።" ሰጠችኝም፦

ሽፈራው ሽፈራው የወርቄ ምሰሶ፣
ልብስህ ብቻ መጣ ገላህ ወዴት ደርሶ።

"በመጀመሪያ ስሙን ጥሪው። የቀረውን አንቺ ታውቂዋለሽ። አደራ አስካለ፤ ወርቄ ሌላ ልጅ የላትም።"

አደራሽን ተቀብያለሁ አልኳት። ወንዙን እየተሻገርኩ ግን የማስበው ሽፈራውን አልነበረም። ድምፄን ነበር።

ከካምፑ እንዳንታይ ለቅሶው ከኮረብታው ጀርባ፣ ትልቅ ግራር ሥር ሆነ። በርኖሱና አንድ ሱሪው፣ የአባቱም ጋሻ ቁርበት ላይ ተዘርግተው ነበር። ሰው ብዙ ነው። እትዬ ወርቄ ከልብሱ አጠገብ ተቀምጠዋል፤ አያለቅሱም፣ ይጠብቃሉ። መሀል ገባሁ።

የመጀመሪያውን ስንኝ በሆዴ ሞከርኩት። ስሙ ላይ ድምፄን እንደ ዘፋኟ ላንጠለጥል ብል አልመች አለኝ፤ ቶሎ ይቆረጣል። ሁለተኛው ስንኝ ግን ይመቻል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ተውኩት። ረስቼው አይደለም፣ አውቄ ተውኩት። የሰውየውን ስም ለድምፄ ስለማይመች ጣልኩት።

"ልብስህ ብቻ መጣ..." ብዬ ጀመርኩ። ዘገየሁ። ሴቶቹ ደረታቸውን መቱ፤ እኔ ገና ነኝ። እንደገና መቱ፤ ያን ጊዜ ገባሁ፣ "ገላህ" ላይ ቃሉን አንጠልጥዬ ተውኩት። ሁሉም ጸጥ አለ። ለእኔ ጸጥታው ምስጋና መሰለኝ። ደገምኩት፤ አሁንም ከበፊቱ አብልጬ ዘገየሁ። ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ደስ ብሎኝ ነበር፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ በሰው ለቅሶ መሀል ቆሜ ደስ ብሎኝ ነበር።

ዓይኔን ስገልጥ ሴቶቹ እጃቸው አየር ላይ ቀርቷል። የት ላይ እንደሚቀበሉ ጠፍቷቸው እርስ በርስ ይተያያሉ። ከኋላ አንዲት ሴት፣ "ምን ሆና ነው? አንገቷን ያዛት እንዴ?" አለች። ይህን ጊዜ ዘርፌ አመለጣት።

"ኧረ የጂኖ ሸክላ ነው!" አለችና ሳቋን በነጠላዋ አፈነችው።

ሸክላውን በመንገድ ሲያልፍ ያልሰማ አልነበረም። አንድ ሽማግሌ ምርኩዛቸውን መሬት ላይ መትተው ፊታቸውን አዞሩ። ቃሉ ከአፍ ወደ አፍ ሲሄድ እያየሁት እትዬ ወርቄ ዘንድ ደረሰ።

ቀና ብለው አዩኝ። አልተቆጡም።

"አስካለ" አሉኝ፣ "ይሄ የማን ለቅሶ ነው?"

ወደ በርኖሱ አየሁ።

"ሁለት ጊዜ አልሽው። ሁለቱንም ጊዜ ጠበቅሁ። ልጄ ስም የለውም?"

"እትዬ፣ እኔ..."

"ልጄን የገደሉትን ሰዎች ዘፈን እንኳ ብታመጪ ግድ የለኝም። ስሙን መቼ ልትጠሪልኝ ነው?"

በደንባችን እናት የልጇን ሙሾ አታወርድም፤ ሌላ ያወርድላታል፣ እሷ ታለቅሳለች። እትዬ ወርቄ ግን ተነሡ። በርኖሱን አንሥተው ትከሻቸው ላይ ጣሉትና "ሽፈራው!" ብለው ተጣሩ። ዜማ አልነበረውም። ድምፃቸው የተሰነጠቀ ነበር። ከብት ይዞ ማዶ የሄደ ልጅን ለእራት እንደሚጠሩት ነው የጠሩት። "ሽፈራው! ኧረ አንተ ሽፈራው!" ግራሩ ሥር የነበረው ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ አለቀሰ። ወንዶቹም አለቀሱ። ዘርፌም አለቀሰች። እኔ ብቻዬን መሀል ላይ ቆሜ ቀረሁ፤ የምቀመጥበት ቦታ እንኳ የሰጠኝ የለም። ንፍሮው ሲታደል ዘግኜ አልበላሁም።

ቤት ስገባ አክስቴ "እንዴት ዋለ?" አለችኝ። "በደህና" አልኳት። ከትኩሳቷ በላይ ሌላ አልጨምርባት ብዬ ነው ብል ውሸት ይሆንብኛል። አፍሬ ነው። ከሁለት ቀን በኋላ ከሌላ ሰው ሰማች። አልመታችኝም። ብቻ ከዚያ ወዲያ ስንኝ ስትሰጠኝ ሁለት ጊዜ ታስደግመኝ ነበር።

በዘፋኟ አልፈርድም። ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ካሴቱን ሲከት ይህንኑ አሰብኩ። እሷ የሁሉን ዘፈን ወስዳ የራሷ አደረገች፤ ሥራዋ ነው፣ ያምራልም። የኔ ሥራ ሌላ ነበር። እኔ የሁሉን ዜማ ወስጄ የሽፈራው እንዳደርገው ነበር የተላክሁት፤ የራሴ አደረግሁት። ሁለቱን ለመለየት አንዲት እናት መሬት ላይ ተቀምጣ መጠየቅ አልነበረባትም። ከዚያ ወዲህ በብዙ ለቅሶ ላይ አውርጃለሁ፤ ልጆቼም በዚህ ያከብሩኛል። ባከበሩኝ ቁጥር ያን ግራር አስበዋለሁ። እስከ ዛሬ ላቆመኝ አምላክ ምስጋና ይግባው።

ከለቅሶው በማግስቱ ማለዳ ከቤታችን ደጃፍ ድንጋይ አንሥቼ ጫንቃዬ ላይ አደረግሁ። ይቅርታ ለማኝ እንደዚያ ነው የሚሄደው። ወንዙን ተሻግሬ እትዬ ወርቄ ቤት ደረስኩ፤ ቤቱ ዝግ ነበር። ሐዘንተኛ ቤቷን ትታ ትወጣለች ብዬ አላሰብኩም ነበር። ጎረቤታቸው በአገጯ ወደ እርሻው አመለከተችኝ።

ማሽላው ወተት ይዞ ነበር፤ ወፍ ደግሞ ለቅሶ እስኪያልቅ አይጠብቅም። ሽፈራው ይጠብቀው የነበረውን ማሳ እሳቸው ማማው ላይ ቆመው ይጠብቁ ነበር። ጥቁር ለብሰዋል፣ ፊታቸው አብጧል፤ ወንጭፍ በእጃቸው ይዘዋል። ከማማው ሥር ተንበረከክሁ።

"እትዬ፣ ስለ እግዚአብሔር ብለው ይማሩኝ።"

አንድ መንጋ ወፍ ከወንዙ በኩል መጥቶ ማሳው ላይ ሰፈረ። ወንጭፉን አዙረው ወረወሩ፤ ድንጋዩ ሩቅ ሳይሄድ ወደቀ።

"ያን ድንጋይ ወዲያ ጣይው" አሉኝ፤ "ማሽላዬን ትሰብሪብኛለሽ።"

አውርጄ ከማሳው ውጭ ጣልኩት።

"ነይ ውጪ። ክንዴ ዝሏል።"

ማማው ላይ ወጣሁ። ወንጭፉን ሰጡኝና ጥግ ይዘው ተቀመጡ። የመጀመሪያውን ስወረውር ወፎቹ ተነሡ።

"ምን ታውቂ ነበር ስለሱ?" አሉኝ፣ ወደኔ ሳያዩ።

"ምንም፣ እትዬ።"

"ምንም ሳታውቂ ነው የቆምሽለት?"

"አዎ።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። ካምፕ የምሄድበት ሰዓት አልፎ ነበር፤ ከታች የጭነት መኪናዎቹ ሲነሡ ይሰማኛል። አልሄድኩም። ሌላ ድንጋይ ወንጭፉ ውስጥ አስገባሁና ጠየቅኋቸው።

"ሽፈራው ምን ይወድ ነበር፣ እትዬ?"