ለገበያ ብለን አንበሳሜ የሄድን ቀን

የኩራዝ ጥላሸት ሲሸተኝ ዛሬም ድዴን ይጠዘጥዘኛል። ልጅ ሳለሁ፣ ደብረ ታቦር ዳር ባለው ሰፈራችን፣ ጥምቀት ሲቃረብ ልጃገረዶች ተሰብስበን ድዳችንን እንነቀስ ነበር፤ ነቃሿ እትዬ ዘነቡ መርፌያቸውን ጥላሸት ውስጥ እየነከሩ ከአንዷ ወደ አንዷ ሲሻገሩ፣ እኛ ደማችንን እየተፋን፣ ማን እንዳለቀሰች ማን እንደቻለች እየተባባልን እንሳሳቅ ነበር። እኔና የጎረቤታችን ልጅ ትርንጎ ተከታትለን በዚያችው መርፌ ተነቀስን።

ክረምቱ ሲገባ እትዬ ዘነቡ ከስተው አልጋ ያዙ። «ያ በሽታ ነው» ተባለ፤ ስሙን የሚጠራ አልነበረም። ጠላ የሚሸጡበት ቤታቸው ጭር አለ፣ በደጃቸው የሚያልፍ ሁሉ ነጠላውን ወደ አፉ ይስብ ነበር፣ እናቴም ጭምር። እኔን ደግሞ ጠዋት ጠዋት ከንፈሬን ገልጣ ድዴን ታይና ወደ ጓዳ ትገባ ነበር። እዚያው ከተማችን ልታስመረምረኝ አልደፈረችም፤ «ባይኖርባት ምን ልትሠራ ሄደች ይሉኛል» ትል ነበር።

መስከረም ጠብቶ መንገዱ ሲደርቅ፣ አንድ ጆንያ ጌሾ ሸክፋ፣ አንበሳሜ ገበያ ልንሄድ ነው ብላ ለጎረቤቱ ሁሉ አውርታ ይዛኝ ሄደች። ጤና ጣቢያው አግዳሚ ላይ፣ ጆንያዋን እግሯ ሥር አድርጋ እስከ ዓይኗ ተከናንባ ተቀመጠች። ከጎናችን ሌላ የተከናነበች ሴት ከነልጇ ነበረች። ልጅቱን ቀና ብዬ ባያት ትርንጎ ናት። ሁለታችንም አቀረቀርን፤ እሷ ግን አልቻለችም፣ ፈገግ ስትል ጥቁር ድዷ ታየ።

«ገበያ መጥተሽ ነው?» አለች የትርንጎ እናት፣ ከነጠላዋ ውስጥ።

«አዎ፣ ጌሾ ልሸጥ። አንቺስ?»

«እኔማ ቅቤ ልገዛ።»

«እዚህ አገር ቅቤ በመርፌ ነው የሚቀመስ?» አለች እናቴ።

ሁለቱም እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ፤ ሳቁ ሲያልቅ እንባው ግን አላቆመም።

ነርሷ በየተራ አስገብታ ደማችንን ወሰደች፤ ጠብቀን ጠብቀን፣ ሁለታችንም ቫይረሱ እንደሌለብን ነገረችን። እናቴ መሬቱን ስማ ስትነሣ ነገሩን ሁሉ ዘርግፋ አጫወተቻት።

«በመርፌው መስጋትዎ ልክ ነው፣ እናቴ» አለቻት ነርሷ። «ሰላምታ መንሣቱን ግን ማን አዘዘዎት?»

ከመኪና ወርደን ቤታችን አልገባንም። እናቶቻችን በቀጥታ እትዬ ዘነቡ ዘንድ ሄዱ፤ እናቴ መደቡ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ «ጠላ የለም እንዴ፣ እትዬ?» ስትላቸው፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው አለቀሱ። እናቶቻችን ራሳቸው ወስደው አስመረመሯቸው፣ ኋላ መድኃኒቱ ሲመጣም እትዬ ጀመሩ፤ ይኸው ዛሬ ሸምግለው አሉ።

አሁን እኔም ልጅ ለመዳር ደርሻለሁ። ባለፈው ሳምንት ልጄ ምሳ ላይ፣ ከእጮኛዋ ጋር ተመርምረው መምጣታቸውን ዝም ብላ እንደ ተራ ወሬ ነገረችኝ። «ማን አየሽ?» አልኋት።

«ሰፈሩ ሁሉ፣ እማ፤ ወረፋው ረጅም ነበር። ውጤቱን አትጠይቂኝም?»

ብጠይቃት ሁለቱም ደኅና ናቸው። እናቴ ማንም እንዳያያት ብላ አገር አቋርጣ ሄደች፤ ልጄ ግን ከአጥራችን ማዶ ያለው ጤና ጣቢያ ሄዳ፣ ያገኘችውን ሁሉ ሰላም እያለች ተመለሰች።