በእኔ ንባብ የተመለሰው ልጅ

ያንን ልጅ ከጦርነት የመለስኩት ለእትዬ ዘይነባ ብዬ ነበር ወይስ ለራሴ?

ልጅ እያለሁ የምንኖረው ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አጠገብ ነበር። ትምህርት የጀመርኩት ዘግይቼ ነው። በአሥራ አራት ዓመቴ አራተኛ ክፍል ስገባ ልጆቹ «እማማ መጡ!» እያሉ ወንበር ይለቁልኝ ነበር። እልኬን በንባብ ተወጣሁት፤ አንዲት ቃል አልዘልም፣ ነጠላ ሰረዝ እንኳ ሳላከብር አላልፍም።

ጎረቤታችን እትዬ ዘይነባ ማንበብ አይችሉም። አንድ ልጃቸው ሰይድ ከኮምቦልቻ ለውትድርና ተወስዶ ነበር። መንግሥት ተለውጦ ሌሎቹ ሲመለሱ እሱ አልመጣም፤ ሞቱንም የነገራቸው የለም። ከትምህርት ቤት ተውሼ ያመጣሁትን፣ ለወጣቶች የተጻፈ፣ ስለ አንድ ዘማች ልጅ የሚያወራ የጦርነት ልቦለድ ደጃፋቸው ተቀምጬ አነብላቸዋለሁ፤ እሳቸው ጥጥ ይፈትላሉ። በታሪኩ ውስጥ ተኩስ ሲጀመር እንዝርቱ ቀጥ ይላል።

«ኧረ ዝቅ በል በይው ይሄን ጅል!»

ስስቅ ደግሞ «ምን ያስገለፍጥሻል? አንብቢ!» ይሉኛል።

የመጨረሻውን ምዕራፍ ቀድሜ ብቻዬን አንብቤ አልቅሻለሁ። ልጁ የእናቱ ደጅ ሳይደርስ ይሞታል። እዚያ ገጽ ላይ ስደርስ ቀና ብዬ እትዬን አየኋቸው። ከዚያ ዓይኔን ወረቀቱ ላይ ተክዬ የሌለውን አነበብኩ፤ በሩን አንኳኳ፣ እናቱም ከፈተችለት።

«አልሐምዱሊላህ!» አሉ እትዬ።

በማግሥቱ «ይሄ ለሰይድ ጋቢ ነው» ብለው አዲስ ፈትል ጀመሩ። ልቃቂቱ በወፈረ ቁጥር እኔ እቀጥን ነበር። ጋቢው ተሸምኖ ሳጥን ገባ።

ዛሬ አስተማሪ ነኝ። የአሁን ልጆች በዓይናቸው ብቻ ነው የሚያነቡት፤ ያ የደጃፍ ንባብ ይናፍቀኛል። ድምፅ አውጥተው ሲያነቡ መስመር ከዘለሉ እቆጣለሁ፣ ከተቆጣሁ በኋላ ግን አፍራለሁ።

መጀመሪያ አስተማሪ ሆኜ ቦሩ ሜዳ የተመደብኩ ጊዜ እትዬን ልሰናበት ሄድኩ። እትዬ ያን ጋቢ ከሳጥን አወጡት።

«እዚያ ብርዱ አይጣል ነው፤ እንቺ።»

እጄ አልዘረጋ አለኝ። «እትዬ፣ መጽሐፉ ላይ ልጁ አልተመለሰም። ሞቷል። የመለስኩት እኔ ነኝ።»

ጋቢውን አጠፉት፤ መልሰው ዘረጉት።

«እናቱስ?» አሉ። «ስለ እናቱ ምን ይላል?»

«ምንም አይልም።»

«እንግዲያማ አላለቀም» አሉና ጋቢውን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉት። «አብሽሪ፣ ልጄ። ለሰይድ ሌላ እፈትላለሁ።»

እንዝርታቸውንም አነሱ።