«ጭረት ነው» ብዬ የተውኩት መስመር

ትናንት ረፋዱ ላይ... እዚሁ ሚዛን ከተማ፣ ራሴ የሳልኩት ስዕል ፊት ቆሜ በራሴ አፈርኩ። ወገን፣ ይህን ያህል ዘመን ታፔላ ስጽፍና ግድግዳ ስስል እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞኝ አያውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቅዳሜ የሚመረቅ አዲስ ሆቴል አለ። የባለቤቱ የጋሽ ደምሴ አያት ከማጂ የሚወርዱ የሲራራ ነጋዴ ነበሩ አሉ። ድሮ አንድ ፈረንጅ ያነሳቸው ፎቶ አለ፣ መዳፍ የምታህል። አያትየው በቅሎ ላይ፣ ከኋላቸው ሸክም የያዙ ሰዎች በሰልፍ፣ ከዚያ የተጫኑ በቅሎዎች፣ ጥግ ላይ የድሮው ኬላ።

«ይቺን የምግብ አዳራሹን ግድግዳ ሙሉ አድርግልኝ» አሉኝ ጋሽ ደምሴ። «ሰው እየበላ ነው የሚያያት፣ ደስ የምትል ትሁን።»

እኔ ደግሞ በስዕል ቀልድ አላውቅም። ሁለት ሳምንት ሙሉ መሰላል ላይ ከረምኩ። ፎቶዋ ላይ በሰዎቹ አንገት በኩል የሚያልፍ ቀጭን መስመር ነበር... የፎቶው ጭረት ነው ብዬ ተውኩት። ፊታቸውም አይለይም፣ ከራሴ ፈጠርኩላቸው። ደስ የምትል ትሁን ተብዬ የለ? ፈገግ አደረግኳቸው! አንዷንማ ጥርሷ ሁሉ እስኪታይ።

ትናንት ስሜን ከታች ልጽፍ ስል፣ ወጥ ቤት የምትሠራው አልማዝ እናቷን ደግፋ ገባች። እማማ ከማጂ ለሕክምና የመጡ ናቸው፣ በዕድሜ የገፉ። ስዕሉን ልታሳያቸው ነው። እኔም ምርቃት ጠብቄ ብሩሼን አስቀመጥኩ።

እማማ ግድግዳው ድረስ ተጠጉ። ከመጀመሪያው ሰው እስከ መጨረሻው በጣታቸው አንድ በአንድ እየነኩ ሄዱ። «ኧረ ቀለሙ አልደረቀም» ልል አፌን ስከፍት...

«ገመዱስ?» አሉኝ።

«የምን ገመድ እማማ?»

እጃቸውን አንገታቸው ላይ አደረጉ። «እዚህ ጋ። እናቴን በዚህ መንገድ ነው የነዷት... ሊሸጧት። መንገድ ላይ ስትታመም ጥለዋት ሄዱ፣ መታመሟ ነው ያተረፋት። እስክትሞት ድረስ እዚህ ጋ ጠባሳ ነበራት።»

ፎቶዋን ከኪሴ አውጥቼ ወደ ደጅ ሮጥኩ። በፀሐይ አየኋት። በስመአብ! መስመሩ ከአንገት ወደ አንገት ይሄዳል... በሰውና በሰው መሀል ደግሞ ረገብ ይላል። ጭረት እንዴት ይረግባል? የፊተኛው ጫፍ አያትየው ኮርቻ ላይ ነው የታሰረው።

ገመዱን ያጠፋሁት እኔ! ጭራሽ ያሳቅኳቸውም እኔ! እውነቱን ልንገራችሁ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

በዚህ መሀል ጋሽ ደምሴ ደረሱ። ነገርኳቸው። ቱግ አሉ።

«አፍህን ያዝ! አያቴ ቡናና ሰም ነው የነገዱት! በል ነጭ ቀባው፣ ጭራሽ ይጥፋ!»

እማማ ግን ድምፃቸውን እንኳ ከፍ አላደረጉም።

«አታጥፋው ልጄ» አሉኝ እኔን። «እናቴ ፎቶ የላትም። መንገዷ እንኳን ይቆይልኝ። ሳቁን አንሳላቸው... ገመዱን መልስ።»

አልማዝ ፊቷን በሽርጧ ሸፍና ታለቅሳለች። እኔ ጋሽ ደምሴን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። እሳቸው ፎቶዋን ከእጄ ነጠቁኝና መነጽራቸውን አድርገው በሩ ላይ ቆሙ። መስመሩን በጥፍራቸው ጫፍ እየተከተሉ እስከ ኮርቻው ሄዱ። ሲመለሱ ድምፃቸው የሳቸው አይመስልም ነበር።

«ሳልበት» አሉ። «ጫፉ የት እንደታሰረም... እንዳትዘል።»

ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ መሰላል ላይ ነኝ... አንዲት ቀጭን መስመር ናት፣ እጄ ግን እምቢ አለኝ።