እትዬ ሉባባ ለምን ረጅሙን ሌንስ መረጡ?

ባለፈው ሰሞን ለሰርግ ሥራዬ የሚሆን ሌንስ ልገዛ ደሴ ፒያሳ አንድ የካሜራ ሱቅ ገብቼ ነበር። ሻጩ ወጣት ሁለት ሌንሶች ባንኮኒው ላይ ጎን ለጎን አቆመልኝ። አንዱ አጭር ነው፤ ጠባብ ክፍል ውስጥ ያለውን ሰው ሁሉ ያስገባል። ሌላው ረዘም ይላል፤ የሙሽራዋን ፊት ለይቶ ያቀርብና ከኋላዋ ያለውን ብዥ ያደርገዋል። «ሙሽሮች አሁን የሚወዱት ይኼን ነው» አለኝ ረጅሙን ወደ እኔ ገፋ እያደረገ። አንዱን አነሳሁ፣ መልሼ አስቀመጥሁ፣ ሌላውን አነሳሁ። ሥራውን ከጀመርሁ ቆይቻለሁ፤ ሌንስ መምረጥ ላይ ስደርስ ግን ሁልጊዜ እንደ ጀማሪ ግራ ይገባኛል። ሻጩ መወላወሌን አይቶ አንድ ያገለገለ ሌንስ ከመደርደሪያ አወረደና የቆዳ ማኅደሩን ከፈተው። የሻገተ ቆዳ ሽታ ወጣ። ከዚያ በኋላ የሚለኝን አልሰማሁትም። ሳልገዛ ወጥቼ፣ እትዬ ሉባባን እያሰብሁ ወደ ቤቴ ሄድሁ።

እትዬ ሉባባ ሆጤ ሰፈር የግቢያችንን የፊት ክፍል ተከራይተው ፎቶ ቤት የከፈቱት እኔ ትምህርት ቤት ከመግባቴ በፊት ነው። አሰብ ኖረው የመጡ ሴት ነበሩ። ሥራውን እዚያ ከባላቸው ተምረው፣ ባላቸው ሲሞቱ ካሜራውን ይዘው ወደ አገራቸው ተመለሱ። ግድግዳቸው ላይ ባሕርና ዘንባባ በዘይት ቀለም አስለው ነበር፤ ባሕር አይተን የማናውቅ የሰፈሩ ልጆች ሁሉ እዚያ ባሕር ፊት ቆመን ተነስተናል። ከመስታወቱ ሥር በክር የታሰረ ማበጠሪያ፣ ከበሩ ጀርባ ደግሞ ለመጣው ደንበኛ ሁሉ የሚሆን አንድ ጥቁር ኮት ተንጠልጥሎ ነበር። እትዬ ሉባባ ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሰው ናቸው። ሲያነሱ «ሳቅ በል» አይሉም። ካሜራውን ዓይናቸው ላይ አድርገው ዝም ይላሉ። ሰውዬው መጠበቅ ሰልችቶት ትከሻው ዘና ሲል ያኔ ያነሱታል።

በጣም የሚፈለጉት ግን ለሰርግ ነበር። በሙስሊሙ ሰርግ ወንድ ፎቶ አንሺ የሴቶቹ ክፍል አይገባም፤ እሳቸው ይገባሉ። ከቦሩ ሜዳ እስከ ሐርቡ ሴት ልጁን የሚድር ቤት እሳቸውን ነበር የሚጠራ። ሦስት ሌንሶች ነበሯቸው፤ ሰፊው፣ መሃለኛው፣ ረጅሙ ይሏቸዋል። የሰርጉ ቀን ጠዋት ሦስቱን አልጋቸው ላይ ደርድረው፣ ሊወስዷቸው የመጡትን ሰዎች ይጠይቃሉ። ክፍሉ ምን ያህል ነው? መስኮቱ በየት በኩል ነው? ሙሽራዋ ከግድግዳ ተጠግታ ነው የምትቀመጥ? የሌንሶቹ የቆዳ ማኅደሮች ውስጥ ቅርንፉድ ይበትኑ ነበር፤ ለእርጥበቱ ይሁን ለሽታው እስካሁን አላውቅም። ወደ ኮምቦልቻ ሲወረድም ሌንሶቹን በሻርፕ ጠቅልለው ጉያቸው ውስጥ ይይዟቸዋል። «ከደሴ ብርድ ወጥቶ ድንገት ሙቀት ሲገባ መስታወቱ ያልበዋል። ቀስ እያለ ይልመድ» ይሉ ነበር።

የእናቴ ታናሽ እህት ሰዓዳ ለሐርቡ ልጅ ስትዳር አንሺዋ እትዬ ሉባባ ሆኑ። ሰርጉ ኮምቦልቻ ወንዱ አያቴ ቤት ነበር። የሙሽራዋ እናት፣ አያቴ ከድጃ፣ እግሯን ታማ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ተኝታለች። ቀኑ ይራዘም ሲባል «እኔ እስክነሳ ልጄ ለምን ትጠብቅ?» ብላ እንቢ ያለች ራሷ ናት። አያቴ ጣውንት ነበረባት፤ እቴቴ ዘሀራ። ሁለቱ ከሰላምታ ያለፈ ነገር እንደማይነጋገሩ ልጅ ሆኜም አውቅ ነበር። ድግሱን የተሸከመችው ግን ዘሀራ ናት። ሳምንቱን ሙሉ ከድስት ሥር አልተነሳችም። በሰርጉ ቀን ፊቷን ታጥባ፣ አረንጓዴ ሻሿን አስራ፣ በእናትየዋ ቦታ ከሙሽራዋ ጎን ተቀመጠች። አንድ ሰው መቀመጥ ነበረበት።

የሴቶቹ ክፍል ጠባብ ነበር። ድቤው ይመታል፤ እንሶስላው፣ ሽቶው፣ የሰዉ ትንፋሽ አንድ ላይ ይሸታል። እንዲህ ላለ ክፍል እትዬ ሉባባ ሁልጊዜ ሰፊውን ነበር የሚጠቀሙት። ያን ቀንም ሰፊውን ከሻርፑ አወጡ፣ ወደ መስኮቱ አዙረው በብርሃን አዩት፣ ጠረጉት። ከዚያ ቀና ብለው ወደ ሙሽራዋና ወደ ዘሀራ ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ። ምን እንዳዩ አላውቅም። ሰፊውን መልሰው ጠቀለሉት፣ በሰዉ መሃል ወደ ኋላ እየተገፉ እስከ በሩ ሄዱና ረጅሙን ካሜራው ላይ አሰሩ። ሰርጉ እስኪያልቅም አልቀየሩትም።

ፊልሙ ታጥቦ አልበሙ ኮምቦልቻ መጣ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሰዓዳ ብቻ ናት። ሽፋሽፍቷ፣ እንሶስላ የሞቀ ጣቷ፣ አገጯ ላይ የቆመ እንባ። እንዲያ ያለ ቆንጆ ፎቶ ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም ነበር። ከኋላዋ ግን ጨለማ ነው፤ ከጎኗ ደግሞ ፊት የሌለው አረንጓዴ ጭጋግ። የሙሽራው እናት ገለጠች፣ ገለጠችና «እኛ እዚህ ሰርግ ላይ አልነበርንም እንዴ?» አለች። እቴቴ ዘሀራም እጇን በቀሚሷ አብሳ አልበሙን ተቀበለች። እስከ መጨረሻው አይታ ዘጋችው። «ማሻአላህ፣ ልጅቷ አምሮባታል» አለችና ወደ ጓዳ ተመለሰች።

እትዬ ሉባባ ለእያንዳንዱ ሰው የተለያየ መልስ ሰጡ። ለሙሽራው እናት፣ ሰፊው ሌንስ አልቦት ነበር አሏት። እኔ ግን ጥርት ብሎ ሲጠረግ አይቻለሁ። ለእናቴ፣ ክፍሉ ጨልሞብኝ ነው አሏት። ዛሬ ሥራው ሥራዬ ሆኖ ሳስበው ይኼም አይሆንም፤ ጨለማ ውስጥ ያ ረጅም ሌንስ ይብስ ነበር እንጂ አይሻልም። እኔ ስጠይቃቸው ደግሞ ራሴን ዳበስ አድርገው «ለእናቷ ብዬ ነው» አሉኝ። ከዚያ በላይ አላብራሩልኝም። ሰዓዳ ለምናቸው ይሆናል ብዬም ነበር፤ አክስቴ ግን እስከ ዛሬ «ወላሂ፣ አንድ ቃል አልተናገርኋቸውም» ትላለች።

አልበሙን ለአያቴ ለማሳየት እናቴና እኔ በሚኒባስ ወደ ቦሩ ሜዳ ስንሄድ እትዬ ሉባባም አብረውን መጡ። አያቴ ትራሷ ላይ ቀና ብላ ፎቶዎቹን ወደ ዓይኗ አስጠግታ ታይ ጀመር። መጀመሪያ አለቀሰች። ቀጥሎ ቅጠሎቹን ቶሎ ቶሎ ትገልጥ ጀመር፤ የጠፋባትን ሰው የምትፈልግ ትመስል ነበር።

«ልጄ ብቻዋን ነው እንዴ የተዳረች?» አለች።

«ኧረ ቤቱ ሞልቶ ነበር» አለች እናቴ ተደናግጣ።

አያቴ አውራ ጣቷን አረንጓዴው ጭጋግ ላይ አሳረፈች። «ይኼስ ማን ነው?»

የመለሱት እትዬ ሉባባ ናቸው። «ዘሀራ ናት፣ እማማ።»

«ከጎኗ ነበረች?»

«ከጎኗ አልተለየችም።»

አያቴ ተቆጥታ ይሆን ብዬ ፊቷን አየሁ፤ አልተቆጣችም። «ታዲያ ምነው ፊቷን ነፈግሽኝ?» አለቻቸው። «እኔ በሌለሁበት ልጄን የያዘልኝን ሰው ባየው ምን ነበረበት?»

እትዬ ሉባባ ግራ ሲገባቸው ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። አልበሙን ተቀበሉ፣ የሚያደርጉት ጠፍቷቸው መልሰው ሰጧት፣ ደግሞ ተቀበሏት። ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ መስኮቱን እያዩ፣ ለእኛ ይሁን ለራሳቸው ሳይለይ፣ «የሚከፋትን አወቅሁላት ብዬ እኮ ነው» አሉ።

አያቴ ከሆስፒታል ወጥታ እኛ ጋ ስታገግም እትዬ ሉባባ ሐርቡና ኮምቦልቻ ሰው ልከው ሰዓዳንና ዘሀራን አስመጡ። ሰዓዳ የሙሽራ ቀሚሷን ይዛ እንድትመጣ ተነግሯት ነበር። አያቴ ግቢው መሃል አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ ሰዓዳ ቀሚሷን ለብሳ ከኋላዋ ቆመች፤ ዘሀራ ራቅ ብላ ከአጥሩ ጋ ቀረች። እትዬ ሉባባ ሰፊውን አስረዋል። «ይኼ ሌንስ የራቀ ሰው አይሆንለትም። ቅረቢልኝ» አሉ። ዘሀራ ትንሽ ቀረበች። «አሁንም።» አሁንም ቀረበች። አያቴ ዞር ብላ አየቻትና ያልታመመ እግሯን ሰብሰብ አድርጋ ቦታ ለቀቀችላት፤ ዘሀራም ተቀመጠች። ትከሻቸው ተነካካ። እትዬ ሉባባ ካሜራውን ዓይናቸው ላይ አድርገው እንደ ልማዳቸው ዝም አሉ።

ያ ፎቶ አክስቴ ቤት አለ። ጠርዝ ጠርዙ ትንሽ ተንጋዷል፤ ዳር ላይ የእኔ ግማሽ ፊት ገብቷል። ከዚያ ወዲያ ሁለቱ ታረቁ ማለት ይከብደኛል፤ ሲጨዋወቱ አይቼ አላውቅም። አያቴ ስትሞት ግን ገላዋን ካጠቡት ሴቶች አንዷ እቴቴ ዘሀራ ነበረች።

እትዬ ሉባባ ዓይናቸው ሲደክም ወንድማቸው ጋ ሐርቡ ወርደው እዚያው አረፉ። ሌንሶቹ ማን እጅ እንደገቡ አላውቅም። በሰዓዳ ሰርግ ያደረጉት ደግነት ይሁን ድፍረት ዛሬም አልለየልኝም። አንዳንዴ አያቴን ከቅናት ሊያድኗት ነበር እላለሁ። አንዳንዴ ደግሞ ሳምንት ሙሉ የደከመችን ሴት ከሰርግ አውጥተው ጣሏት እላለሁ። ሁለቱም እውነት ይመስለኛል።

አሁን ሰርግ ቤት ስገባ፣ ገና ካሜራዬን ሳላወጣ፣ ሙሽራዋን ከሰው ለይቼ እጠይቃታለሁ። ከጎንሽ ማን እንዲታይልሽ ትፈልጊያለሽ? ማንስ እንዳይታይ? እትዬ ሉባባ ሳይጠይቁ የቀሩት ይኼን ነው፤ ለእኔም ከእሳቸው የተረፈኝ ይኸው ነው። አንዳንዷ ሙሽራ ትስቅብኛለች። አንዳንዷ ደግሞ ጥቂት ታስብና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እስቲ መጀመሪያ በሩን ዝጊው» ትለኛለች።