አባቴ ለመምህሩ የሰጠኝ ቀን

እዚህ ጀርመን አገር ትምህርት የሚጀምር ልጅ እንደ ቀንድ የተጠቀለለ ትልቅ ወረቀት ጣፋጭ ተሞልቶለት ያቅፋል። ዛሬ ጠዋት የልጄን ስሞላላት፣ የአዲሱ ደብተሯ ሽታ አርባ ምንጭ መለሰኝ፤ በደርግ ጊዜ፣ አባቴ እጄን ይዞ ትምህርት ቤት ወዳደረሰኝ ቀን።

አባቴ ኩልፎ ወንዝ ዳር ሙዝ ያለማ ነበር። ቤታችን የሚነገረው ጋሞኛ ስለሆነ፣ የማውቀው አማርኛ እናቴ ሙዝ ስትሸጥ ከገበያ የለቀምኩትን ብቻ ነበር። አባቴ የክፍሉ በር ላይ ባርኔጣውን አወለቀና መምህሩን፣ «ልጄን ሰጥቼዎታለሁ፤ ከዛሬ ጀምሮ የእርስዎ ናት» አላቸው።

ገበያ ላይ «ሰጥቻለሁ» ከተባለ ዕቃው አይመለስም። መሸጤ ነው ብዬ ጠዋቱን ሙሉ ደብተሬን በእንባ አራስኩት። መምህሩ ቢያባብሉኝ፣ ቢያባብሉኝ እንቢ አልኩ።

ስንለቀቅ አባቴ አጥሩ ጥግ ቆሟል። ሮጬ ተጠመጠምኩበትና በጋሞኛ፣ «መልሰው ሰጡህ እንዴ?» አልኩት።

መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው እየሳቀ ትከሻው ላይ አወጣኝ። «ፊደል እንዲያስተምሩሽ ነው እንጂ አንቺንማ ለማን እሰጣለሁ? ይኸው ሥራ እንኳ አልሄድኩም፤ ከጠዋት ጀምሮ እዚሁ ነኝ» አለኝ።

ዛሬ የልጄ አስተማሪ ብቅ ብላ ወላጆቹን፣ «አሁን ወደ ቤታችሁ መሄድ ትችላላችሁ» አለችን። ጀርመንኛዋ በደንብ ገብቶኛል። ግን እስኪለቀቁ ድረስ ከግቢው አልራቅኩም።